ማኘክ የተማርኩበት ክፍል

ክፍሉን መጀመሪያ ያየሁት ጥርሴን ገጥሜ ነው። ምርጫ አልነበረኝም፤ የላይኛውና የታችኛው መንጋጋዬ በቀጭን ሽቦ ተጠፍሮ ነበር። ከጎንደር በፒክአፕ ያመጡኝ ሁለት ፖሊሶች አምባ ጊዮርጊስ ላይ ምሳ ሊበሉ ቆሙ። መኪናው ውስጥ አልተዉኝም፤ ምግብ ቤት አስከትለውኝ ገብተው ከጎናቸው አስቀመጡኝ። አንደኛው እንጀራ ጥቅልል አድርጎ ሊያጎርሰኝ እጁን ወደ አፌ ዘረጋ። ወዲያው ትዝ አለው መሰለኝ፣ እጁን መልሶ ራሱ ጎረሰው።

"ይቅርታ" አለ።

ከታሰርኩ ጀምሮ ይቅርታ ያለኝ እሱ ብቻ ነው።

ደባርቅ ስንደርስ ጭጋግ ወርዷል። ክፍሉ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ። ሌሊት ቆርቆሮው ላይ ያደረው ውርጭ ጠዋት ፀሐይ ሲነካው በየሚስማሩ ቀዳዳ ይንጠባጠባል። ከየማእዘኑ የገብስ ገለባ ይወጣ ነበር። ጠርገን እንጨርሰዋለን፣ በማግስቱ ደግሞ አለ። አሥር ያህል ሴቶች ነበርን።

መንጋጋዬ የተሰበረው በያዙኝ ቀን ነው፤ በሰደፍ። ሐኪሙን "ወድቃ ነው" አሉት። ሐኪሙ ፊቴን አገላብጦ አየና "ከምን ላይ?" ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ሥራውን ሠራ፤ አጥንቱን በብረት ገጠመ፣ ጥርሴን በሽቦ አሰረ። ጥሩ አድርጎ ነው የሠራው።

እኔ ዳባት ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ነው፤ ትዳር ገብቼ፣ ከትዳር ወጥቼ፣ ጉልበቴ ከዴስክ ሥር አልገባ እያለኝ። ስለዚህ ለመጽሐፍ እሳሳለሁ። ያዋስኩት ሲመለስ ገጽ በገጽ ካላየሁት ከመደርደሪያው አላስገባውም። እንዲህ ያለች ሴት ቁልፏን ለሰው አትሰጥም። አንድ ሰንበት ግን ለአንድ ሰው ሰጠሁ። በዚያ የመጻሕፍት ክፍል ሰዎች በድብቅ ተሰበሰቡ ተባለ። የደባርቁ መርማሪ ከእኔ የሚፈልገው የዚያን ሰው ስም ብቻ ነበር።

"ሽቦው ሲፈታልሽ እንነጋገራለን" አለኝ። አልተቆጣም። "ሐኪም ያዘዘውን እኔ አላፈርስም።"

ሽቦ የታሰረለት ሰው ጥርሱን እንደ ገጠመ ማውራት ይችላል። ድምፁ በአፍንጫ የሚወጣ ይመስላል እንጂ ይሰማል። መርማሪው ይህን አያውቅም ነበር። እኔም አላስረዳሁትም።

እህቴ ከዳባት አጥሚት በፔርሙስ እየያዘች ትመላለስ ነበር። ቀጭን፣ በጨርቅ የተጠለለ አጥሚት። ሰደፉ አንድ የጎን ጥርሴን አውልቆት ስለነበር በዚያ ክፍተት የስትሮ ጫፍ አስገብቼ እመጠምጣለሁ። አጥሚት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፤ ስትሮው ይደፈናል። ፔርሙሱን የጨረስኩበት ቀን አልነበረም።

ከእኛ መካከል አንዲት፣ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ለመኪና ሹፌሮች ሻይ የምታፈላ ሴት ነበረች። በአፏ ነው የታሰረችው ይላሉ፤ እሷም አትክድም።

"ይኸን ሽቦ ለእኔ አስቀድመው ቢያስሩልኝ ኖሮ" ትላለች፣ "ይኸኔ ማንቆርቆሪያዬ እሳት ላይ ነበር።"

መሳቅ ያመኛል። ፊቴ ሲጨማደድ ስታይ፣ "ተይው፣ ተይው፣ በዓይንሽ ሳቂ" ትለኛለች።

ሽቦውን የፈታችልኝ ነርስ ናት። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጣኝ፣ በትንሽ መቁረጫ እየቆረጠች አንድ በአንድ መዘዘችው። የመጨረሻው ሲወጣ አፌ በራሱ የሚከፈት መስሎኝ ነበር። አልተከፈተም። ጣቴን በጥርሶቼ መካከል ላስገባ ስሞክር አንዱም በጭንቅ ነው የገባው።

"ጡንቻው ደርቆ ነው" አለችኝ ዝቅ ብላ። "አኝኪበት። ለስላሳ ነገር፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ። ካላኘክሽበት እንዲሁ ተገጥሞ ይቀራል።"

ያን ዕለት ፔርሙስ እንዳይገባ ተከለከለ። "አፏ ተፈቷል፣ እንደ ሰው ትብላ" ብሎ ነው መርማሪው ያዘዘው። እንጀራ የበላሁ ዕለት እንዲነግሩትም ዘበኞቹን አስጠነቀቀ። ለእኛ እንዲሰማ በር ላይ ቆሞ ነው የተናገረው። ገባኝ። ካኘክሁ መናገርም እችላለሁ ማለት ነው፤ በበላሁ ማግስት እጠራለሁ።

ስለዚህ አልበላሁም። የሚታደለንን ደረቅ ዳቦ በሻይ አርሼ፣ በጣቴ አድቅቄ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ መልሼ ሳላኝክ እውጠዋለሁ። ብዙውን ጊዜ ትንታ ይመልሰዋል። ቀሚሴ ትከሻዬ ላይ አልቆም አለ። ብድግ ስል ክፍሉ አብሮኝ ብድግ ይላል።

ሌሎቹ ከየቤታቸው የመጣላቸውን ስንቅ አንድ ትሪ ላይ ገልብጠው አብረው ይበሉ ነበር። ማዕዱን የሚባርኩት በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡት ሴት ናቸው፤ እማማ እንላቸዋለን። አገራቸው ወደ ሳንቃ በር መውጫ ነው። ልጃቸው ከቤት ወጥቶ ስላልተመለሰ "እሱ እስኪመጣ" ተብለው ነው የተያዙት። በየቀኑ "ልጄ፣ ነይ ቅረቢ" ይሉኛል። እኔ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ሽቦው ሳለ ይገባቸው ነበር። ሽቦው ከወጣ በኋላ አልገባቸውም።

"ኮርታብን ነው" አለች የሻይ ቤቷ ሴት። "የተማረ ሰው ያለ ሹካ አይበላም።"

እማማ አልሳቁም። ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

የአባቴን ስም በጆሯቸው ነገርኳቸው።

"አያትሽስ?"

የአያቴንም ነገርኳቸው።

"ትውልዳቸው ዳባት ነው?"

"ወገራ ነው፣ እማማ።"

በአውራ ጣታቸው የጣቶቻቸውን አንጓ እየነኩ ቆጠሩ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለውም። ቆጥረው ሲጨርሱ ነጠላቸውን ሰብስበው ከእኔ ፈቀቅ አሉ።

በእኛ አገር ደም ያለባቸው ሰዎች ከአንድ ማዕድ አይቀርቡም። ይህን ልጅ ሆኜ ስሰማ አድጌአለሁ፤ ከተማ ገብቼ መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ ግን የሽማግሌዎች ወሬ አድርጌ ትቼዋለሁ። ለእማማ የሽማግሌ ወሬ አልነበረም። ጠርተዋት የማትቀርብ፣ ፊቷን አዙራ ብቻዋን የምትበላ ሴት ሌላ ምክንያት ሊኖራት አይችልም። ደም ቆጥራብኛለች ብለው ነው ያመኑት። እውነቱን ልነግራቸው ፈለግሁ፤ በዚያ በር ላይ ግን ሁልጊዜ ጆሮ ነበር።

ረቡዕ ነው፣ የጾም ቀን። ትሪው ላይ ሽሮ ፈሷል። እማማ ከእንጀራው ቆርሰው፣ ሽሮው ውስጥ ደፍቀው፣ በእሳቸው በኩል ለብቻው አስቀመጡ። እስኪርስ ጠበቁ።

"አንቺ ልጅ፣ ነይ።"

እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ።

"ተይ። እጅሽን አውርጂ።" ድምፃቸው አልከረረም። "ቆጥሬዋለሁ። የአያትሽ ወንድም የእናቴን ወንድም ገድሎታል። በግጦሽ ነው። እርቅ ሳይወርድ ሰዉ ተበታትኖ ቀረ።"

የሴቶቹ እጅ ትሪው ላይ ቆመ።

"አላውቅም ነበር፣ እማማ" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ።

"ካላወቅሽ ለምን አትበዪም?"

"ከበላሁ ይጠሩኛል።"

እማማ በሩን አዩት። "ካልበላሽስ?"

የሻይ ቤቷ ሴት መለሰችልኝ። "ካልበላችማ በቃሬዛ ነዋ የምትወጣው።" ይህን ስትል እንኳ ማንም አልሳቀም።

"ደሙ የእኔ ወገን ነው። ታላቋም እኔ ነኝ" አሉ እማማ። "ብዪ ብያለሁ።"

ተቀመጥኩ። ከራሰው ላይ የጥፍር ያህል ቆንጥሬ በጥርሶቼ መካከል ገፋሁት። መጀመሪያ መንጋጋዬ ምን እንደሚያደርገው አላወቀም። ምላሴ ወደ ግራ ወሰደው፣ ወደ ቀኝ መለሰው። ከዚያ ነከስኩት። ሕመሙ ከጆሮዬ ሥር ተነሥቶ እስከ ዓይኔ ደረሰ። ሽሮው ጨው በዝቶበት ነበር። ጨዉን ረስቼው ነበር። አንዷን ጉርሻ እስክውጥ ሌሎቹ ድርሻቸውን ጨርሰዋል።

ታላቅ እጁን ካነሣ ታናሽ አይቀጥልም፤ ማዕዱም ይነሣል። እማማ እጃቸውን አላነሡም። ጣታቸው ትሪው ጠርዝ ላይ የምስር ቅንጣት የምታህል ቁራሽ ወዲያ ይገፋል፣ ወዲህ ይመልሳል። እሳቸው ስላላነሡ የማንም እጅ አልተነሣም።

ዘበኛው በሩን ከፈተ። የዚያው አገር ልጅ ነው። "እማማ፣ ትሪውን ልውሰድ፤ ሰዓት አልፏል።"

"እየበላሁ ነው፣ ልጄ።"

"ምኑን?"

"ዓይን የለህም? እጄ ከማዕድ ላይ ነው።"

"ታዝዤ ነው፣ እማማ።"

"እንግዲያስ ከእጄ ሥር ንጠቀኝ። ከዚያ ወጥተህ ለእናትህ ንገራት።"

አልነጠቀም። መሣሪያውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ ወደ ውጭ ተመለከተ። ቆይቶ ዞር ሲል እኔን አየኝ። መንጋጋዬ እየሄደ ነበር። እንዳየኝ አየሁ። ሽሮው በከንፈሬ ጥግ አምልጦ አገጬ ላይ ፈሷል፤ ከንፈሬ ገና ደንዝዞ ስለነበር አልታወቀኝም። ሌላ ቀን ቢሆን በነጠላዬ እሸፍነው ነበር። አልሸፈንኩትም። ማኘኬንም አላቆምኩም።

የራሰው ሁሉ ሲያልቅ እማማ እጃቸውን አነሡ። "ማዕዱን ይባርክ" አሉ። ደግሞ ጨመሩ። "የሞቱትን ይማር፤ የገደለውንም።"

አሜን አልን።

በማግስቱ ተጠራሁ።

"በላሽ አሉ" አለ መርማሪው።

"በላሁ።"

"ትናገሪያለሽም አሉ።"

"እናገራለሁ።"

ብዕሩን አነሣ። "ቁልፉን ለማን ሰጠሽ?"

"ይህን አልነግርዎትም።"

"አልችልም ነው የምትዪው? ያምሻል?"

መውጫ ነበር የሰጠኝ፤ አውቆ ይሁን ሳያውቅ አላውቅም። እስከዚያ ቀን ዝም ያሰኘኝ ሽቦው ነበር፣ ከሽቦው በኋላም ማስመሰሉ። ሁለቱም ደክመውኝ ነበር።

"እችላለሁ" አልኩ። "አልነግርዎትም።"

ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እዚህ አልጽፈውም። ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። ስንቅ ለረጅም ጊዜ ተከለከልኩ፤ የምበላው ከሌሎች ድርሻ ነበር። እማማን እኔ ከመፈታቴ በፊት አንድ ጠዋት ወሰዷቸው። ተፈቱም ይባላል፣ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወሩም ይባላል። ከወጣሁ በኋላ ወደ አገራቸው ሰው ልኬ ነበር። ቤቱ ተዘግቷል አሉኝ።

ዛሬ ዳባት ነኝ። አፌ ሁለት ጣት ያስገባል፤ ከዚያ አያልፍም። ቆሎ አልበላም። ብርድ ሲሆን መንጋጋዬ ውስጥ የቀረው ብረት ከሥጋዬ ቀድሞ ይቀዘቅዛል።

ቁልፉን የሰጠሁት ሰው በቅርቡ ምሳ ሊበላ መጣ። ስሙን ጠይቀውኝ እንደነበር አያውቅም፤ እኔም አልነገርኩትም። ስለ ኑሮ ውድነት እያወራ ቶሎ ቶሎ በላ። ጨርሶ እጁን ታጥቦ ሲመለስ እኔ ገና ግማሽ ላይ ነበርኩ።

"ምነው፣ እንደ ሙሽራ ሆንሽብኝ እኮ" አለኝ። "ብዪ እንጂ!"

"እየበላሁ ነው" አልኩት።

ወሬውን ቀጠለ። እኔም እስክጨርስ ድረስ አልተነሣሁም።