ቅጠል የሌለው ጄሊፊሽ

አቶ ሣህሌ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ፊደል የቆጠሩትም ጺማቸው ከሸበተ በኋላ የሆነ ሰው ናቸው። የባሕር እንስሳትን መለየት በራሳቸው ጥረት ተምረዋል። ሾፌሩ ረዲ ከጅቡቲ ሲመለስ ጄሊፊሽ የሚባለውን ልስልስ የባሕር እንስሳ በጀሪካን ያመጣላቸዋል፤ እሳቸው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ባለበት ጠርሙስ ከተው ሰመራ ስለ እንስሳት ለምታስተምረው ለየትናየት ይወስዱላታል።

የሚመጣው ሁሉ ካሲዮፒያ ከሚባለው ወገን ነው፤ ተንጋሎ፣ ክንዶቹን ወደ ላይ ዘርግቶ የሚኖረው። ወገኑ አንድ ይሁን እንጂ ዝርያው ብዙ ነው። አንዱን ከሌላው ለመለየት ከሚረዱት ምልክቶች መካከል ክንዶቹ ላይ የሚበቅሉት ቅጠል መሳይ ነገሮች ይገኙበታል።

ዘንድሮ ሰርዶ ላይ ሻይ ቤት ያለው የወሎው ሙእሚንም መሰብሰብ ጀመረ። ከጅቡቲ የሚመጣ መኪና ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ጋ ነው። የትናየት "የሙእሚን እንዴት ያምራል" ማለት አበዛች፤ ይህ ቃል ሣህሌን አንገበገባቸው። ስለዚህ አንድም ቅጠል የሌለው ጄሊፊሽ ሲደርሳቸው "ይሄስ ሌላ ዝርያ ነው" ብለው አውቶቡስ ተሳፈሩ። የትናየት መደርደሪያ ላይ ለብቻው እንዲቆምላቸው ነበር ምኞታቸው።

ሰመራ ሲደርሱ ሙእሚን ቀድሟቸው ተቀምጧል።

"ጋሼ ሣህሌ፣ ይሄን መላጣ ከየት አገኙት?"

"አንተ ካልደረስክበት።"

የትናየት ጠርሙሱን አዙራ አየች። "ክንዱ ላይ የተቆረጠ ነገር ምልክት አለ። ጋሼ፣ መንገድ ላይ ውሃ ተጨምሮበታል?"

ረዲ የጀሪካኑ ውሃ በሙቀት ሲጎድል፣ እንደ ራዲያተር፣ ከሚጠጣው ውሃ ይሞላበታል። ራሱ ነው የነገራቸው።

"ተጨምሮበታል" አሉ ሣህሌ።

"ጨው የሌለው ውሃ ቅጠሉን አርግፎበታል። ሙእሚን ካመጣው ጋር አንድ ዝርያ ነው።"

"እኔ ሾፌሮቹን የባሕሩን ውሃ በትርፍ ጀሪካን አስይዛቸዋለሁ" አለ ሙእሚን። "ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።"

"አንተን?"

ሣህሌ ጠርሙሱን ራሳቸው አንስተው ከሙእሚን ጠርሙስ ጎን አስቀመጡት። "አንድ ነው" አሉ።

አዋሽ እንደተመለሱ ረዲን አስጠሩት።

"ከእንግዲህ የባሕር ውሃ በትርፍ ጀሪካን ትይዛለህ።"

"እሺ፣ ጋሼ።"

"ሰርዶ ላይም አትቆምም።"

"ሻዬንስ የት ልጠጣ?"

"እዚህ፣ እኔ ቤት።"

"ከጅቡቲ አዋሽ ድረስ ያለ ሻይ?"

"ምን አለበት" አሉ ሣህሌ።