አንሶላ መስለን የተማርንበት ጣሪያ

እሑድ እሑድ ዓረብ አገር፣ ባውሽሪዬ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ በተከራየሁበት ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ በውሃ ሮቶዎችና በዲሾች መካከል ለአገሬ ልጆች ዓረብኛ ማንበብ አስተምር ነበር። ጊዜው እንደ ፈረንጆቹ 2019፣ የሙቀቱ ወራት ሊያልቅ ሲል ነው። ተማሪዎቼ በሰው ቤት የሚሠሩ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ ይመጣሉ። ደብተር ጭን ላይ፣ ስልክ ቦርሳ ውስጥ፣ ወሬ በዕረፍት ሰዓት ብቻ። ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያከበርኩትም እኔ ብቻ።

ከሁሉም የምሳሳላት ከደብረ ማርቆስ የመጣች ልጅ ነበረች። የሥራ ውሏ ሊታደስ ሁለት ወር ቀርቶታል። የመጀመሪያውን ሳታነብ ስለፈረመች፣ ሁለተኛውን ራሷ አንብባ ልትፈርም ቆርጣለች። ችግሩ አሠሪዋ፣ ማዳሟ፣ እሑድን የፈቀደችላት ለቅዳሴ ብቻ መሆኑ ነው። ስለ ጣሪያው ትምህርት አታውቅም።

አንድ እሑድ ድሮን መጣ። ከሮቶዎቹ በላይ እንደ ትልቅ ተርብ እያንዣበበ ቆመ።

"ማዳሜ ናት!" አለች የደብረ ማርቆሷ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ።

ባንድ አፍታ ሁሉም ተከናንበው ድርቅ አሉ። ነጠላ የሌላት የወሎዋ ሙስሊም ተማሪዬ እንኳ ከጎኗ ካለችው ግማሹን ስባ ገባችበት።

እኔ መምህርት ነኝ፤ ማስረዳት ጀመርኩ። ጠመኔዬን ወደ ሰማይ ቀስሬ፣ "አራት ማራገቢያ፣ አንድ ባትሪ፣ አንድ ካሜራ" አልኩ። "ባትሪው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቆይም። የሚያበረው ሰው እዚሁ ሰፈር ነው። ማዳምሽ ያለችው ጁኒዬ፣ ሌላ ከተማ! ከዚያ እንዴት ይደርሳል?"

"ዋይፋይ አላት፤ ያኒ በሱ ይደርሳል!"

"ማዳሞቹ አዋጥተው ነው የገዙት" አለች የወሎዋ ከነጠላው ሥር። "በየተራ ያዩናል። የዛሬዋ ባለተራ የማን ማዳም እንደሆነች እንጃ።"

የሰፈሩም ሰው ከእነሱ አይሻልም ነበር። የሕንፃችን ዘበኛ ድሮኑ ከደቡብ ድንበር ማዶ፣ ከጠላት አገር የተላከ ሰላይ ነው ይላል። የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ ደግሞ የተሰጣ የውስጥ ልብሷን ሊያይ እንደሚመጣ እርግጠኛ ናት። ሁለቱንም ደረጃው ላይ አቁሜ ስለ ባትሪው አስረድቻለሁ። ሁለቱም አመስግነውኝ በነበሩበት ጸኑ።

በሦስተኛው እሑድ፣ ድሮኑ ሲመለስ፣ የደብረ ማርቆሷ ደብተሯን አጠፈች። "ቲቸር፣ ኸላስ፤ ከእንግዲህ አልመጣም። እሑዴን ከምቀማ ፊደሉ ይቅርብኝ።"

"አራት ፊደል እኮ ነው የቀረሽ!"

"ቪዲዮውን ካየች አራቱን ለማን አነባለሁ?"

ድሮኑ ሁለት ሕንፃ አልፎ ሲያርፍ ስላየሁ እጇን ይዤ ወረድኩ። የወሎዋም "ለምስክርነት" ብላ ተከተለችን።

በዚያኛው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ያገኘነው ሰፊ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ነው፤ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም። ሲያየን ድሮኑን እንደ ሕፃን ደረቱ ላይ አቀፈው። ለካ እሱም ይፈራ ኖሯል፤ ባለፈው ሳምንት አንድ እርግብ አርቢ ቲማቲም ወርውሮበታል።

"ልትጮሁብኝ ነው የመጣችሁት?"

"ቪዲዮውን ልናይ ነው" አልኩ።

ፊቱ በራ። እስከዚያን ቀን ማንም እንዲህ ብሎት አያውቅም። ወንበር አቀረበ፤ ስልኩን አወጣ። መጀመሪያ ባሕሩ፣ ከዚያ የወደቡ ክሬኖች፣ ከዚያ የእኛ ጣሪያ ታየ። በግራጫው ሲሚንቶ ላይ ነጭ በነጭ ተደርድሯል። ፊት የሚባል የለም።

"ይሄ እናንተ ናችሁ?" አለ። "ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ እኔ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ መስሎኝ! ሁልጊዜ እሑድ አንሶላ ይሰጣል እያልኩ ስገረም ነበር። ሰው የምትመስለው ይቺ ብቻ ናት።" ጣቱን አሳረፈ። እኔ ነኝ፤ ጠመኔዬን ቀስሬ፣ አፌን ከፍቼ፣ ፊቴ እስከ ጥርሴ ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል።

የወሎዋ በሳቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። የደብረ ማርቆሷ ግን አልሳቀችም። ስልኩን ተቀብላ እንደገና ከፈተችው፤ ደግማም አየችው።

"እኔ የትኛዋ ነኝ?"

"ከግራ ሦስተኛዋ" አልኳት።

"አልታወቅም አይደል?"

"እኔም የለየሁሽ በምትቀመጪበት ቦታ ነው።"

በሚቀጥለው እሑድ ከሁሉም ቀድማ መጣች፤ የድሮውን ውሏን ኮፒ ደብተሯ ውስጥ አጥፋ ይዛ ነበር። ከአራቱ ሁለቱን ፊደላት እንደጨረስን የድሮኑ ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ተከናነቡ። እኔ ባለፈው ያላብራራሁት ነገር ትዝ ብሎኝ ጠመኔዬን ማንሳት ስጀምር የነጠላ ጫፍ ጭንቅላቴ ላይ አረፈ።

"ቲቸር፣ አንቺም አንሶላ ሁኚ!" አለች የደብረ ማርቆሷ ወደ ታች እየሳበችኝ። "የምታስይዢን አንቺ ነሽ።"

ጠመኔዬን ኪሴ ከተትኩና ነጠላው ሥር ገባሁ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። እሷ እዚያው ነጠላው ሥር ወረቀቷን ዘረጋችና የውሉን የመጀመሪያ መስመር በጣቷ እየተከተለች፣ በሹክሹክታ ማንበብ ቀጠለች።