ሐጂ ከድር በገዛ ቤታቸው መንዙማ ያሰሙበት ቀን

ጎባ ማዘጋጃ ቤት የቤት ተቆጣጣሪ ሆኜ የገባሁ ቀን፣ አለቃዬ አቶ በላይነህ የእንጨት ሜትር፣ የእጅ ባትሪና ጉልበቴን አልፎ የሚወርድ ካፖርት ሰጡኝ።

“ተከራይ ያለበትን ቤት ሁሉ ታያለህ” አሉኝ። “መጀመሪያ የግብር ደረሰኝ ጠይቅ። ከዚያ ምሰሶውን፣ መጸዳጃውን፣ ማድቤቱን፣ መስኮቱን እይ። ደረሰኝ ብቻ አይተህ የምትመለስ ከሆነ ካፖርቱን አምጣ።”

ባለቤቶቹ ደረሰኙን ኪሳቸው ከትተው ይጠብቁኛል። ስለ ምሰሶ ስጠይቅ ግን ይገረማሉ። አንዱማ ምስጥ የበላውን ምሰሶ በትከሻው ደግፎ፣ “ይኸው፣ ቆሟል አይደል?” ብሎኛል።

ሐጂ ከድር እህል ነጋዴ ነበሩ። ገበያው አጠገብ አራት ክፍል ያከራያሉ። “ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግባ ልጄ!” ብለው ኦሮምኛውን ካማርኛ ቀላቅለው ተቀበሉኝ። ግብራቸው አንድም ቀን አልፎባቸው አያውቅም። ክፍሎቹ ግን መስኮት አልነበራቸውም።

በአንደኛው ከወሎ የመጣች መምህርት፣ አልማዝ የምትባል፣ ትኖር ነበር። አልጋዋ ግርጌ የከሰል ምድጃ አየሁ።

“በሩን ዘግተሽ ነው የምታነጂው?”

“ብርዱን በምን ልቻለው? ጠዋት ጠዋት ራሴን ይፈልጠኛል፤ ትናንት ክፍል ውስጥ ልወድቅ ነበር።”

“ብርዱ ነው፤ ትለምደዋለች” አሉ ሐጂ።

“ከሰሉ ነው፣ ሐጂ። መስኮት ያውጡላት።”

“ግብሬን ከፍያለሁ! ደግሞ በጎባ መስኮት ማውጣት ብርድን በእንግድነት መጥራት ነው። ወላሂ፣ እኔ ራሴ እገባና ታያለህ።”

ብለምናቸው እምቢ አሉ። በመጨረሻ ተስማማን፤ እሳቸው ከሰሉን አንድደው፣ በሩን ዘግተው ውስጥ መንዙማ ያሰማሉ፣ እኔና አልማዝ በሩ ላይ እንቆማለን፣ ድምፃቸው ሲቋረጥ እንከፍታለን። መወርወሪያውን ግን አስወለቅኳቸው።

የሐጂ ድምፅ ያማረ ነበር። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። “ይኼማ እስከ ማታ ይዘልቃል” ብላ አልማዝ ሳቀች። ቆይቶ አንዱን ስንኝ ይደጋግሙት ጀመር። ከዚያ ቃሉ ተንተባተበ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

“ሐጂ!” ብዬ ጮህኩ።

በሩን በትከሻዬ ገፍቼ ገባሁ። ግድግዳውን ተደግፈው አንገታቸው ወድቋል። እኔ በብብታቸው፣ አልማዝ በእግራቸው ይዘን ግቢ አወጣናቸው። አስመለሳቸው፤ ዓይናቸውንም ገለጡ።

“ምን ሆንኩ?”

“ብርዱ ነው፤ ይለምዱታል” አለች አልማዝ።

ሐጂ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳቁ። “አልሐምዱሊላህ! አናጺ ጥሩልኝ!”

በዚያው ሳምንት አራቱም ክፍሎች መስኮት አወጡ። አልማዝም ከዚያ ወዲያ ራሷን አላመማትም። አቶ በላይነህ ግን ነገሩን ሲሰሙ ተቆጡ፦ “ሁለተኛ በሜትር ለካ እንጂ በሐጂ አትለካ!”

ሐጂ ከዚያ በኋላ አብረውኝ መዞር ጀመሩ። የሚያንገራግር አከራይ ሲገጥመን፣ “እሺ፣ ገብተህ ዝጋና መንዙማ በል” ይሉታል። ጎባ ውስጥ እንደዚያ ዓመት መስኮት የወጣበት ጊዜ አላስታውስም።

ቤት የሚያከራይ ሰው ሁለት ግዴታ አለበት። ግብሩን በጊዜው ይክፈል፤ ራሱ በሩን ዘግቶ የማያድርበትን ክፍል ለሰው አያከራይ።