ማስመሪያ ያዥ

የማላውቃቸውን ሰዎች ቅድመ አያቶች አቧራ ስጠርግ አራት ዓመት ሊሞላኝ ነው። አትሳቁ። ሥራዬ በወረቀት ሽማግሌ መጠበቅ ነው፤ ማጠብ፣ ማልበስ፣ መድኃኒት ማዋጥ። ግማሹን ሺፍት የማሳልፈው ግን አንድ የስኮትላንድ ገበሬ ማንን እንደወለደ፣ ያም ማንን እንደወለደ በመስማት ነው።

ጠዋት ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ እነዳለሁ። መንገዱ ክብ ነው፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው። ትራፊኩ ሲቆም ከፊት መኪና፣ ከኋላ መኪና፣ ከጎን ቤት የሚያክል የጭነት መኪና፤ መሀል ላይ ተጠርቅሜ መሪውን ይዤ እራገማለሁ። ደርሼም ያው ነው። የምጠብቃቸው አዛውንት አፓርትመንት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቱ አይከፈትም። አዛውንቱ ስለሚወድቁ ለአፍታ ጥያቸው መውጣት አልችልም። ቆሻሻ ልጥል ኮሪደር ብወጣ እንኳ «የት ገባሽ?» እያሉ ይጣራሉ።

ዘጠና ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። ጡረታ የወጡት ከመንግሥት ቢሮ ነው፤ ዕድሜ ልካቸውን የሰው ማመልከቻ ሲያገላብጡ፣ እውነቱን ከውሸቱ ሲለዩ ኖረዋል። ደግ ሰው ናቸው። ቁርሳቸው የአጃ ገንፎ ነው፤ በስኳር ሳይሆን በጨው። «እንዲህ ነው አባቶቻችን የሚበሉት» ይላሉ። ምናለ ትንሽ ቅቤ ጠብ ቢያደርጉበት!

ስማቸውን አልጽፍም። የኔንም አልጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ቆይቶ ይገባችኋል። ብቻ የቤተሰብ ስማቸው በጥንቱ ቋንቋቸው «የእገሌ ልጅ» ማለት ነው። ድሮ ድሮ ይሄ ስም በየትውልዱ ይለዋወጥ ነበር አሉኝ፤ ልጅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ የልጅ ልጅ ደግሞ በራሱ አባት።

«እና ይሄ የኛው አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«የናንተው ነው» አሉ ደስ ብሏቸው። «የኛ ግን አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ቀረ።»

የቆመበትን ቦታ መቼም አይሰለቻቸውም። የመሬቱ ጌታ ከሰው በግ ይሻለኛል ብሎ ገበሬዎቹን ከሸለቆው አባረራቸው። ቤታቸው ተቃጠለ፤ ልጅ አዝለው፣ ድስት ተሸክመው ወደብ ወረዱ። መርከቡ ላይ ጸሐፊው ስማችሁ ማነው ሲላቸው፣ ያን ጊዜ በሕይወት የነበረውን አባት ስም ሰጡት። ወረቀት ላይ ገባ፤ አበቃ። ከዚያ ወዲያ የተወለደው ሁሉ፣ ኖርዝ ካሮላይና ጥድ ሲቆርጥ የኖረውም፣ ወደ ቨርጂኒያ ወጥቶ ትምባሆ ሲጭን የኖረውም፣ እዚህ አሌክሳንድሪያ ወንዙ ዳር ሱቅ የከፈተውም፣ የዚያ የአንድ ሰውዬ ልጅ ተባለ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኩ በአማርኛ። ምን እንዳልኩ ጠየቁኝ። ስተረጉምላቸው በጣም ወደዱትና ደብተራቸው ላይ ጻፉት። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን ሳህኑን አንስቼ ወደ ኩሽና ገባሁ።

የገና በዓል ሲቃረብ እንደ ስኮትላንድ አባቶቻቸው ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ስልቻ የሚመስል ነገር እየነፉ በአሮጌው ከተማ ያልፋሉ። በመጀመሪያው ዓመት በዊልቸር ገፍቼ ወሰድኳቸው። «ኧረ በሥላሴ! ይሄ ሁሉ ጎልማሳ በዚህ ብርድ ባቱን አጋልጦ!» ብዬ ስስቅ ዞር ብዬ ሳያቸው እያለቀሱ ነበር። አፈርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ዘራቸው ሲያወሩ ስልኬን አልነካም።

የምግብ ጠረጴዛው ምግብ ካየ ቆይቷል። የዘር ሐረጋቸውን የያዘው ወረቀት፣ ቁራጩ ከቁራጭ ተጣብቆ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸፍኖታል። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ማስመሪያውን የምይዝላቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው በእርሳስ ያሰምራሉ። ልጅ ሳይተካ የሞተ ሰው ሲገጥማቸው ከስሙ ሥር አጭር መስመር ያጋድማሉ። «እዚህ ጋ ቤቱ ተዘጋ» ይላሉ። ራሳቸውም ያለቻቸው አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ እሷም ሎየር ናት፣ ጠበቃ፤ የባሏን ስም ነው የያዘችው። ስማቸው እሳቸው ላይ ያበቃል። ይሄ በጣም ያንገበግባቸዋል።

ባለፈው መስከረም አንድ ቀን ቡናቸውን ሳቀርብላቸው አዲስ ትልቅ ነጭ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጠበቁኝ።

«አሁን ያንቺ ተራ ነው» አሉኝ። «ስጦታዬ ነው። በፍሬም አድርጌ ነው የምሰጥሽ። ከአባትሽ እንጀምር።»

ክው አልኩ።

በወረቀት አባቴ የሆኑት ሰው አባቴ አይደሉም። አጎቴ ናቸው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ዲቪ የወጣላቸው እሳቸው ናቸው፤ ልጅ አልነበራቸውም። አባባ ደግሞ ልጅ እንጂ ዕድል አልነበራቸውም። ፎርሙ ገና ሲሞላ ሁለቱ ወንድማማቾች ተማከሩና የጋሼ ልጅ አድርገው አስገቡኝ። ዕጣው ሲደርሰን የልደት ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ቀበሌ ሦስት ምስክር ጠየቀ። አንዱ ጎረቤት ነበር፤ ሁለተኛው የዕድር ዳኛው። ሦስተኛው አባባ።

«ይህች ልጅ የወንድሜ ልጅ መሆኗን አረጋግጣለሁ» የሚለውን ፈረሙ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ሲወጡ «በይ እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ አጎትሽ ነኝ!» ብለው ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። ሳቅን። እግዜር ያሳያችሁ፣ ከልባችን ሳቅን።

ከዚያ ወዲህ መንጃ ፈቃዴም፣ የቤት ኪራይ ውሌም፣ ሲትዝን፣ የአገሩ ዜጋ፣ የሆንኩበት ወረቀትም በጋሼ ስም ነው። የቀጠረኝ ኤጀንሲ የሚጠራኝ በጋሼ ስም ነው። ልጆቼ እንኳ አያታቸው ጋሼ ይመስሏቸዋል።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባባ አገር ቤት ብቻቸውን ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ክረምት ደረጃ ስተው ወድቀው ያነሳቸው ጎረቤት ነው። እኔ እዚህ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሰው አባት እንዳይወድቅ እጠብቃለሁ! ይሄ ነገር በቁሜ ያቃጥለኛል።

ሲትዝን የሆነ ሰው እናት አባቱን ማምጣት ይችላል። ግሪንቤልት ያለችው ጓደኛዬ ሁለቱንም አምጥታለች። እኔም ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አበሻ ሎየር ጋ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

«እህቴ፣ ይሄን አልሰማሁም» አለኝ። «አባቴ ናቸው ብለሽ ካመለከትሽ፣ ያመጡሽ ሰውዬስ ማን ናቸው ልትዪ ነው? ያንቺም ወረቀት ይነካል፣ የሳቸውም ይነካል። ፋይሉን ባትነካኪው ይሻላል።»

ጋሼ አስፐን ሂል ሆነው በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት፣ ለዲያሊሲስ፣ ይመላለሳሉ። ለኔ ያላደረጉት ነገር የለም። እሳቸውን ከሕክምናቸው ላይ አስነስቼ ለጥያቄ ላቁማቸው? እንዴት ተደርጎ!

ለአባባ ግን «አመልክቻለሁ፣ ኬዙ ገና ነው» አልኳቸው። ዘንድሮም ገና ነው፣ ለከርሞም ገና ነው። እሁድ እሁድ ስደውል «ከኢሚግሬሽኖቹ ምን ተባለ?» ይሉኛል። «ሰው በዝቶባቸው ነው አባባ» እላለሁ። ሻንጣ ገዝተው አልጋቸው ሥር አስቀምጠዋል። ስለ ሻንጣው ሲያነሱ ወሬ እቀይራለሁ።

አዛውንቱ ደግሞ አይረሱም። «ዛሬስ?» ይሉኛል ገንፎው ላይ። ነገ እላለሁ። ራሴን አሞኛል እላለሁ። እርሳሱን ቀርጸው ይጠብቁኛል። እውነቱን ላፍርጠው ያልኩበት ቀን ነበር፤ ከዚያ የኖሩበትን ሥራ አሰብኩ፣ የልጃቸውን ሥራ አሰብኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ ቆምኩ።

በኋላ አንድ ነገር መጣልኝ። ጋሼና አባባ የአንድ አባት ልጆች ናቸው። ስለዚህ ከአያቴ ወደ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው፤ ውሸቱ አንድ ስም ብቻ ነው። ያ አንድ ስም ደግሞ አባቴ ናቸው።

እሁድ ደወልኩ። «አባባ፣ እስከ ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ» አልኳቸው። የምሠራበት ቤት ያሉት ሽማግሌ የዘር ሐረጌን ሊስሉልኝ እንደሆነ ነገርኳቸው።

ደስታቸው! ድምፃቸው የጎልማሳ ሆነ። ከአያቶቼ አንዱ ለፍርድ የተቀመጠ እንደሆነ ጉቦ የማይበላ፣ አንዱ ደግሞ፣ አይደበቅም፣ የለየለት የበቅሎ ሌባ። አንዱ ሦስት ጊዜ አግብቶ ሦስቱንም የፈታ። ስምንተኛውን ሁሉ ጨመሩልኝ። እየሳቅኩ ጻፍኩ።

«ታዲያ እኔን የት አደረግሽኝ?» አሉኝ።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ።

«ከጋሼ ጎን» አልኩ።

«በወንድምነት?»

«አዎ አባባ።»

ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ሰማሁ።

«ደግ አድርገሻል። የፈረምኩበት ነገር ነው።» ቀጠሉና «ኬዝ የሚባለውም የለም፤ አይደል ልጄ?» አሉኝ።

እንባዬ ተዘረገፈ። «የለም አባባ። ከመጀመሪያውም አልነበረም። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውቃለሁ እኮ። የፈረምኩትን አንብቤ ነው የፈረምኩት።»

«ታዲያ በየእሁዱ ለምን ይጠይቁኝ ነበር?»

«መጠየቅ ብተው ማወቄን ታውቂብኛለሽ ብዬ ነዋ።»

«ሻንጣውስ?»

«ሻንጣው ምን ይሆናል? ልብስ ይይዛል» አሉ። ቀጥለው ስለ ጋሼ ጤና ጠየቁኝ፣ ጠይቂው፣ ብቻውን አትተዪው አሉኝ፤ እኔ ግን ለቅሶዬን መዋጥ አቅቶኝ ደህና ይዋሉ እንኳ በቅጡ አላልኳቸውም።

በማግስቱ አሌክሳንድሪያ ስደርስ «ዛሬ ይሁን» አልኳቸው። አዛውንቱ ገንፏቸውን ገፋ አደረጉት።

ከላይ ጀመርን። ስሞቹን ቀስ እያልኩ እጠራለሁ፤ እሳቸው ይጽፋሉ፤ ማስመሪያውን እይዛለሁ፤ ያሰምራሉ። ስለ በቅሎ ሌባው ስነግራቸው «እኛም አለን! የኛ የበግ ነበር!» ብለው ጠረጴዛውን መቱት። አያቴ ላይ ደረስን። ከአያቴ ሥር ሁለት መስመር ወረደ። በአንዱ ጋሼ፤ ከጋሼ ሥር እኔ፤ ከእኔ ሥር ልጆቼ። ቅርንጫፉ ሞልቶ ወረቀቱ ጫፍ ደረሰ።

ከዚያ ወደ ጎን ተመለሱ። የአባባን ስም ነገርኳቸው። በትልልቁ፣ በጥንቃቄ ጻፉት።

«የአባትሽ ወንድም» አሉ።

«አዎ።»

«በሕይወት አሉ?»

«አሉ።»

«ልጆችስ አሏቸው?»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሌላ ሕንፃ ነው የሚታየው፤ መስኮቶቹ ሁሉ ዝግ ናቸው። አዛውንቱ በትዕግሥት ጠበቁኝ፤ ቸኩለውብኝ አያውቁም።

«የላቸውም» አልኩ።

«በጣም አዝናለሁ» አሉኝ፤ ከልባቸው ነበር፤ ዓይናቸው ውሃ ሞላ። እርሳሳቸው እየተንቀጠቀጠ ከአባባ ስም ሥር አረፈና ቆመ፤ ቀና ብለው አዩኝ። ማስመሪያውን አነሳሁና ለአጭሩ መስመር ቀጥ አድርጌ ያዝኩላቸው።