ማንም ሳይኖር ያልተዘጋው ማማ

«አብርሃም፣ ፍጥነት ቀንስ!»

ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ከማታቱ፣ ከሚኒባስ ታክሲው፣ ወርጄ ሁርሊንግሃም ሰፈር ወዳለው ምግብ ቤት ስሮጥ ይህን ድምፅ ሰምቼ ቀጥ አልኩ። በጆሮ ማዳመጫ ሲያዙኝ የኖሩት የበረራ ተቆጣጣሪያችን እትዬ ዘሃራ ናቸው፤ በፎቶዬ ለይተውኛል!

ለማታውቁን፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከየቤታችን በኮምፒውተር አውሮፕላን የምናበር፣ የራሳችን የምናብ አየር መንገድ ያለን ሰዎች ነን። (ባለቤቴ «ደመወዝ የሌለው ፓይለት» ትለኛለች።)

ዛሬ ዓመቱን ለመዝጋት ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ተገናኘን። እትዬ ዘሃራ በድምፃቸው ወጣት ይመስሉኝ ነበር። ለካስ ኢስሊ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ፣ የልጅ ልጅ ያዩ እናት ናቸው።

ዓመቱ ቀላል አልነበረም። መሥራቻችን ሥራ በዝቶበት ሲተወው ሌላውም አንድ ባንድ ጠፋ። እኔም ጠፋሁ።

ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ናፍቆኝ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ስገባ፣ እትዬ ዘሃራ የናይሮቢን የምናብ መቆጣጠሪያ ማማ ከፍተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ አንድም ቅዳሜ አላጎደሉም ነበር። ያኔውኑ ለሌሎቹ ደወልኩ። ቀስ በቀስ ሁሉም ተመለሰ።

ዛሬ እየበላን ጠየቅኳቸው፦ «እትዬ፣ ማንም ሳይኖር ለምን ይከፍቱ ነበር?»

«አንዳችሁ እንኳ ድንገት ብትመጡ ማን ያሳርፋችኋል ብዬ ነዋ!» አሉና ጥብሱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። «ብላ ደግሞ፣ ከስተሃል።»

አንድ ጎረስኩ። ዙሪያዬን ሳይ ጠረጴዛው አልበቃን ብሎ ከጎን ወንበር እየተዋስን ነው።

እናንተስ፣ ሁሉም ሲበተን ቦታውን ሳይለቅ የጠበቃችሁ ሰው አለ? ጻፉልኝ፤ ለእትዬ ዘሃራ አነብላቸዋለሁ።