የንጉሡ ጠባቂዎች ጭፈራ

ሙሪየል ሆልሮይድ ቀን ቀን ዳቦ ስትሸጥ፣ ማታ ማታ የከተማዋን ሰው ስታስጨፍር ያረጀች ሴት ናት። በዚያች የሰሜን እንግሊዝ ከተማ ጸደይ በመጣ ቁጥር ነዋሪው ተሰባስቦ አንድ የድሮ አስቂኝ ኦፔሬታ፣ ማለትም በዘፈንና በጭፈራ የታጀበ ቲያትር፣ ያሳያል፤ አዘጋጇም ጭፈራ አስተማሪዋም እሷው ናት። አቤት ምላሷ! የባንኩን ሥራ አስኪያጅ ሳይቀር «ይኼ እግር ያንተ ነው ወይስ የተበደርከው?» ትለዋለች። ማንም ግን አይቀየማትም።

ዘንድሮ ዳሌዋ አላስቆም ስላላት የመጨረሻዋ ነው። ለመሰናበቻዋ የተመኘችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አዳራሹ በሳቅ ፍርስ እንዲል።

ሳቁን የሚያመጣላት ደግሞ ኖርማን ነው። ኖርማን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ድምፁ ግሩም፣ ጭፈራው ግን አይነሳ! ሰው ሁሉ ወደ ቀኝ ሲዞር እሱ ወደ ግራ። ስንት ዓመት ጮኸችበት፣ ለመነችው፣ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ «እንግዲህ ይሁን» ብላ ኦፔሬታው ውስጥ ያለውን የንጉሡን ጠባቂዎች ጭፈራ በእሱ ስህተት ላይ ሠራችው። ጠባቂዎቹ የእንጨት ጎራዴ መዘው ወደ ቀኝ ሲዞሩ ኖርማን ወደ ግራ ይዞራል፤ ከጎኑ ካለው ከክላይቭ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ይፋጠጣሉ፤ ክላይቭም ደንግጦ ባርኔጣውን ይጥላል። ይህን ለሁሉም በሹክሹክታ ነገረቻቸው፤ ለኖርማን ግን ትንፍሽ አላለችም። ካወቀ ያበላሸዋላ!

በሙሉ ልብስ በተለማመዱ ዕለት ልብስ ሰፊዎቹ ሴቶች እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሙሪየል ደስታዋን አልቻለችውም።

የመክፈቻው ምሽት ደረሰ። ሙሪየል ምርኩዟን ይዛ ከመጋረጃው ጥግ ቆመች። ጠባቂዎቹ ወጡ፤ ጎራዴ መዘዙ፤ ወደ ቀኝ ዞሩ። ኖርማንም ዞረ፤ ወደ ቀኝ፣ ቀጥ ብሎ፣ አምሮበት። ክላይቭ ግራ ገብቶት ባርኔጣውን እንዲያው ጣለው። ሕዝቡ በጨዋ ደንብ አጨበጨበ። አንድም ሰው አልሳቀ። ሙሪየል ልቧ ስብር አለ።

ኖርማን ላቡ እየተንጠባጠበ ወደ እሷ መጣ።

«አየሽኝ ሙሪየል?»

«አየሁህ። ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?»

«ሴቶቹ ሲስቁብኝ ሰማኋ! ከዚያ ወዲህ ቤቴ መስተዋት ፊት ስዞር ነው የከረምኩት። ይኼን ሁሉ ዓመት ስትለፊብኝ፣ በመጨረሻሽ እንኳን ላሳፍርሽ? አልኩ።» ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር። «ደህና ነበር አይደል?»

አፏ ላይ የደረሰውን ቁጣ ዋጠችው። አፍራም አታውቅ፣ ያን ጊዜ አፈረች።

«ግሩም ነበር፣ የኔ ጌታ» አለችው፣ ኮሌታውን እያስተካከለች።

እሱ ውሃ ሊጠጣ ሄድ እንዳለ ክላይቭ ተጠጋትና፣ «ነገስ እንዴት እንሁን? እንደ ድሮው ዙር ልበለው?» አላት።

«ዋ! ትንፍሽ ብትል!»

«ሳቁስ ሙሪየል?»

«ሳቁ ይቅር። ነገ ሁላችሁም ኖርማንን እያያችሁ ዙሩ።»