የአባባ ታፈሰ መሳቢያ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኩም። ለንስሐ አባቴም ስናዘዝ ዘልዬው ነው ያለፍኩት፤ ሐሜቱን፣ ጾም መግደፉን ዘርዝሬ ይቺን ኪሴ ውስጥ እንደያዝኩ ወጣሁ። እንግዲህ አንተ አንባቢዬ ስማኝ።

እዚህ በስደት አገር፣ ዳንፎርዝ የሚባል መንገድ ላይ ያገለገለ ኮምፒውተር እነግድ ነበር። ትምህርቴ የመርካቶ ነው፤ ዕቃ ገልበጥ አድርጌ ሳየው የጎደለውን አውቃለሁ፣ ያወቅኩትን ግን ለገዢ አልናገርም። አባባ ታፈሰ እዚያው ከተማ ፓርክዴል ሰፈር የሚኖሩ ሽማግሌ ነበሩ። የለመዱት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሚሠራው፣ ሌላው ሰው ሁሉ በጣለው አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ስለሆነ እሳቸው አልጣሉትም። እናታቸው በአገራቸው ስመ ጥር አልቃሽ ነበሩ። የእናታቸውን ሙሾ ከልባቸው እያወጡ በሁለት ጣት ይጽፉ ነበር። "እዚህ አገር ሰው ሲሞት እኮ ዝም ብለን ሳንድዊች ነው የምንበላው" ይሉኝ ነበር።

ማሽኑ ሲያዘግምባቸው ውስጡ የሚሰካ ማፍጠኛ ካርድ ሸጥኩላቸው፤ እሱም ያረጀ ነው። ካርዱ ላይ ትርፍ ሜሞሪ ነበረበት። ያንን ትርፍ እንደ ዲስክ እንዲያገለግል አደረግኩትና ስክሪኑ ላይ እንደ መሳቢያ ብቅ አለ። እዚያ ያስቀመጡት ጽሑፍ ገና ሲነኩት ይከፈታል።

"ወይ ጉድ! ይሄስ ከእኔም የባሰ ችኩል ነው!" ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅኩ። ግን ያ መሳቢያ መብራት ሲጠፋ ባዶውን ይቀራል። ማወቁን አውቅ ነበር። የጻፉትን ወደ ዋናው ዲስክ መገልበጥ እንዳለባቸው ልነግራቸው ስል ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኖርዝ ዮርክ የሚጠብቀኝ ገዢ ደወለ። ካፖርቴን ደርቤ ወጣሁ። በኋላስ መደወል አቅቶኝ ነው? አላቃተኝም። ረሳሁት።

እሳቸው ማሽኑን አያጠፉም፤ ጨርቅ አልብሰውት ይተኛሉ። የብርዱን ወራት፣ ዊንተሩን ሙሉ ጻፉ። አንድ ቀን የሕንፃው ጠባቂ ፊውዝ ሊቀይር መብራቱን አጠፋው።

ደወሉልኝ። "ልጄ፣ መሳቢያው ባዶ ሆነብኝ።"

ወዲያው ገባኝ። ወዲያው! ታዲያ ምን አልኩ? "አባባ፣ የነኩት ነገር ይኖራል" አልኩ።

"እኔው ነኛ። እጄ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰነባብቷል። አንተንም አለፋሁህ፣ ይቅር በለኝ።"

"ምንም አይደል አባባ" አልኩ። እኔ! ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። "የእሱ ዕቃ አይከዳም" የምትባል ስም ነበረችኝ፣ እሷን ለማዳን።

የሚያቃጥለኝ የጠፋው ጽሑፍ አይደለም። ሙሾው ጭንቅላታቸው ውስጥ ነበር፤ ጥፋቱ የእኔ ነው ብላቸው ኖሮ ቁጭ ብለው ደግመው ይጽፉት ነበር። እኔ ግን በገዛ እጃቸው እንዳይተማመኑ አደረግኳቸው። ከዚያ ወዲያ ኪቦርዱን አልነኩም። ልጠይቃቸው ስሄድ ጨርቁ እንደተደረበ ነው። "ተወው ልጄ፣ አበላሸዋለሁ" ይሉኛል። ስንት ጊዜ ሄድኩ? በሄድኩ ቁጥር ልነግራቸው እያሰብኩ ገብቼ ሳልነግራቸው ወጣሁ።

ቀብራቸው ላይ አንዲት ሴትዮ፣ "የእናታቸውን ሙሾ የሚያውቅ የለም? አንድ እንኳ?" ብላ ጠየቀች። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ከዚያ አዳራሽ ገብተን ሳንድዊች በላን። እኔ ሁለት በላሁ።

አሁን ይቅርታ ልጠይቅ ብል ማንን? ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው፣ እኔኑ ይቅርታ ጠይቀው ነው የሄዱት።